«በጣም ጥሩ» ያላገኘ መኮንን

ቆቦ፣ ሰኔ 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ ይርጋ፣

የብዙነሽ ወገብ እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ? እኔ ከቆቦ ሙቀት በቀር የምከሰው የለኝም። ደብዳቤህ በኮንቮይ ሹፌር እጅ በአሥራ አንድ ቀኑ ደረሰኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ፤ ያዘገየኝ ራሱ የጠየቅኸኝ ጉዳይ ነው። የዓመቱን የመኮንኖች የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ስሞላ ሰነበትሁ።

መምሪያህ ጥናት ሊያቀርብ ስለሆነ መኮንኖች ስለ ምዘናው ምን እንደሚያስቡ እውነቱን ጻፍልኝ ብለሃል። መምሪያህ እውነቱን መፈለጉን እጠራጠራለሁ። አንተ ከፈለግኸው ግን ይኸው። አይወዱትም። አይጠሉትምም፤ ቢጠሉት ደስ ባለኝ፤ የሚጠላው ሰው ቢያንስ አንብቦታል ማለት ነው። አሥራ አራቱን መኮንኖቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አንዱ፣ «ቅጹ የሚሞላው በእስክሪብቶ ሳይሆን በዝምድና ነው» አለኝ። ሌላው፣ «አለቃዬ ከሚስቱ ጋር በተጣላበት ቀን እንዳይሞላልኝ ብቻ ነው የምጸልየው» አለ፤ አለቃው እኔ መሆኔን የረሳ መስሎ። ሦስተኛው ወደ እኔ ከመዛወሩ በፊት የነበረው አዛዥ ባዶ ቅጽ ላይ ያስፈርመው እንደነበር ነገረኝ። ባዶ ቅጽ ላይ፣ ይርጋ! በስድሳ ስምንት ዓ.ም. አንተና እኔ ያንን ቅጽ ስናረቅ ስንት ቅዳሜ እንደበላን ታውቃለህ። ዩኒቨርሲቲ ስለ መለኪያና ስለ ፍትሕ የተማርነውን ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አራግፈን ነበር። ተመዛኙ አንብቦ ይፈርም ያልነው እኮ ለዚህ ነው።

«የአንተ ውጤት በየዓመቱ ለምን ከሌላው ሁሉ ዝቅ ይላል?» ላልኸው መልሴ አጭር ነው። እኔ እሞላዋለሁ፤ ሌሎቹ ቀለም ያፈሱበታል። ዘንድሮም «እጅግ በጣም ጥሩ» የሰጠሁት ሰው የለም፤ የሚገባው አላየሁም። አሥራ ሦስቱ «በጣም ጥሩ» አግኝተዋል፤ ሁለት ሦስቱ እንደምንም ነው የደረሱበት። አንዱ «ጥሩ» አገኘ። ጥሩ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ስድብ መሆኑን ከእናንተ ሰማሁ።

ይህ አንዱ መቶ አለቃ ከማሉዲን ይባላል፤ የስንቅና ትራንስፖርት መኮንኔ ነው። የጎብዬ ልጅ ነው። በሚያዝያ ከሆርማት ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ጉድጓዱ ደረቀና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ለመነው። እኔ አላማጣ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ልጁ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የውኃ ቦቴያችንን ላከላቸው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቦ ኖሯል። ቦቴው ወንዙ መሐል አሸዋ ይዞት እንደቆመ ጎርፉ ደረሰበት። ሹፌሩና ረዳቱ ዘለው ተረፉ፤ ቦቴው ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ተገልብጦ ተገኘ። ስለዚህ በንብረት አያያዝ ከአምስት አንድ ሰጠሁት። የዚህ ነጥብ ክብደት ትልቅ መሆኑን ታውቃለህ፤ ድምሩን ይዞት ወረደ።

ጠርቼ አስነበብሁት። አንብቦ ሳቀ። «ሻለቃ፣ ቦቴ አጥፍቼ አንድ መስጠትዎ ቸርነት ነው።»

«ዜሮ ቅጹ ላይ የለም» አልሁት።

ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። እዚያ፣ ዝርዝር አስተያየት በሚለው ቦታ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌለታለሁ። ከሁሉም መኮንኖቼ በሥራው የሚበልጥ እሱ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የርኅራኄ እንጂ የስንፍና እንዳልሆነ፣ ይህ ጥፋት ባይኖር ኖሮ በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ የመጀመሪያውን «እጅግ በጣም ጥሩ» ለእሱ እሰጥ እንደነበር ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው። በኋላ፣ «ይኼን ሁሉ ማን ያነበዋል?» አለኝ።

«የሚመለከተው ያነበዋል» አልሁት። ሰኔ 18 ቀን ፈረመ።

ጥናትህ ላይ ይህን ሁሉ አስገባው። ካላስገባኸውም ያው ነው።

ታረቀኝ

•

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጓድ ሻለቃ ታረቀኝ፣
ቆቦ

የላኩት ማብራሪያ ደርሶናል። ለጥናቱ የሚጠቅሙ ነጥቦች ተወስደዋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
ሌ/ኮሎኔል ይርጋ

ታረቀኝ፣ ከላይ ያለው በታይፕ የተመታው ለፋይሉ ነው፤ ይቺን በእጄ የምጨምረው ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ነው። ብዙነሽ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች። ሚስትህና ልጆችህ ጋ እሁድ ሄጄ ነበር፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ያ ከማሉዲን የምትለው ልጅ ሚስት አለው? እናት፣ አባት፣ የሚጦረው ሰው? ለምን ጠየቅከኝ እንዳትለኝ። ሌላም ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።

•

ቆቦ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይርጋ፣

እናንተ ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሜያለሁ። ምን ልትጽፍ ጀምረህ ተውኸው?

ለጠየቅኸው መልስ ይኸው። ልጁ አላገባም። አባቱ ሞቷል። እናቱ እቴ ራህመት ትባላለች፤ ጎብዬ ገበያ ማሽላና በርበሬ ትሸጣለች። ልጇ እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንቅ ግዥ ሲሄድ ያገኛታል፤ ይህንንም በዕቅዱ ላይ «የገበያ ዋጋ ጥናት» ብሎ ነው የሚያስገባው፤ አውቄ ዝም እለዋለሁ። ሦስት ነገር ጠየቅኸኝ፤ ሦስቱንም መለስሁ። አሁን አንተ አንዱን መልስልኝ። ለምን ፈለግኸው?

እዚህ ወሬ አለ። የኮንቮይ ሹፌሮች ከአዲስ አበባ ስም ዝርዝር ይመጣል ይላሉ። ምን ዝርዝር እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ትናንት በመኮንኖች ክበብ ሻምበል ሞላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ የጎረቤታችን ሻለቃ ጦር አዛዥ ነው፤ በቁመቱ የማይታማ፣ በምላሱም የሚበልጠው የሌለ ሰው።

«ሻለቃ፣ እርስዎ ቅጽ ሲሞሉ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብዎት አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«እኔ ሃያ አንዱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ለጸሐፊዋ ‹እጅግ በጣም ጥሩ፣ እጅግ በጣም ጥሩ እያልሽ ምቺ› አልኳት፤ እሷ መታች፤ እኔ ፈረምኩ። ጣቷ ነው የደከመው።»

«ከሃያ አንዱ ስንቱን ታውቃለህ?»

«ስማቸውን አውቃለሁ። አንዱ እንኳ ሟች ነው፤ ከሁለት ወር በፊት አርፏል። እሱም እጅግ በጣም ጥሩ ነበር።»

ክበቡ በሳቅ ተናጋ። እኔ ተነሣሁና፣ «አንተ መኮንኖችህን ንቀሃል፤ ሰው ሳይመዘን አምስት ሲሰጠው ከሟች እኩል ተደርጓል ማለት ነው» አልሁት።

ሳቁን አቆመ። እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ዝቅ ብሎ፣ «ሻለቃ፣ ልጆቼን ነው የደበቅኩት። እርስዎ የእርስዎን ልጆች አደባባይ አቆሟቸው» አለኝ።

ከትናንት ጀምሮ ይህች ቃል አልለቀቀችኝም። ከማሉዲን በየጠዋቱ ሪፖርት ሲያመጣ፣ «ከመምሪያ ምን ተሰማ?» ይለኛል። ለመሐንዲስነት ኮርስ አመልክቷል፤ ውጤቱ ከዚህ ምዘና ጋር ይታያል ተብሏል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ይርጋ፣ ምንድን ነው የሚመጣው?

ታረቀኝ

•

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ታረቀኝ፣

ይህን የያዘልህ ሹፌር የብዙነሽ የአክስት ልጅ ነው፤ አንብበህ ቅደደው። በፖስታ ቤት ልልከው አልደፈርኩም። ስለዚህ ነው ወር ሙሉ ዝም ያልኩህ፤ አይደለም ብትለኝም አልከራከርህም።

መመሪያ ወጥቷል። ቃሉ እንዲህ ነው፤ «በዘንድሮው ምዘና ‹በጣም ጥሩ› እና ከዚያ በላይ ያላገኘ መኮንን በተግባር ይታነጽ ዘንድ በሰሜን ግንባር ለእግረኛ ክፍሎች ይመደባል።» የት እንደሆነ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ናቅፋ ነው። ከሄዱት ስንቱ እንደተመለሰም ታውቃለህ።

ከክፍለ ጦራችሁ መኮንኖች ሁሉ «ጥሩ» ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው አዛዥ ሁሉ አምስት አምስቱን አሽጎ ልኳል። የጠቅላላው አማካይ አራት ነጥብ ሰባት ነው። ሠራዊታችን በወረቀት ላይ እንዲህ ያማረ ሠራዊት ነው።

«ጀርባውን አላነበቡትም?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ታረቀኝ፣ ለኮሚቴው የሚቀርበው ቅጹ አይደለም። ጸሐፊዎች ከቅጹ ላይ ስም፣ ማዕረግና ድምር ብቻ ወደ ሠንጠረዥ ይገለብጣሉ። ቅጹ ራሱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንተ ከዚህ ከሄድክ በኋላ ነው። አልጻፍኩልህም፤ ታዝናለህ ብዬ ነበር።

እናት አለው ወይ ብዬ የጠየቅኩህ ቀን የመመሪያው ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካለው ልከራከርለት እችላለሁ ብዬ ነበር። ተከራከርኩ። «እናት የሌለው መኮንን የትኛው ነው?» አሉኝ።

ይርጋ

•

ቆቦ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይርጋ፣

ሰላምታ የለኝም።

ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ከፊርማው ቀን ጀምሮ ሠላሳ ቀን ነው። ልጁ ሰኔ 18 ፈረመ። አንተ ሐምሌ 8 ጻፍህልኝ። አሥር ቀን ነበረው! ደብዳቤ ይዘገያል፤ እሺ፤ ቴሌግራም አይዘገይም። «ከማሉዲን ይግባኝ ይበል» ብትል ሦስት ቃል ነው። አንተ ግን እናት እንዳለው ጠየቅኸኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ስለ ማሽላና በርበሬ ጻፍሁልህ፤ ጊዜው ባለፈ በማግስቱ።

ሌላውን ስድቤን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ፤ ከአንተ ይልቅ ለእኔ ይገባልና። ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ቀን ቆልፌ ተቀምጬ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ በየገጹ ጀርባ እየጻፍሁ፣ ለሣጥን ነው የጻፍሁት። ሞላ ጸሐፊዋን «ምቺ» ሲል ከእኔ ይልቅ ሥርዓቱን ያውቀው ነበር።

ከዚህ ጋር የታረመ ቅጽ ልኬአለሁ። የንብረት አያያዙን ወደ ሦስት ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ድምሩ «በጣም ጥሩ» ይሆናል። ምክንያቱን «መዛኙ የጥፋቱን ክብደት አጋንኖ ነበር» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ተቀብለህ አስገባው። የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው።

ለልጁ አልነገርሁትም። ዛሬ ጠዋት አሮጌ ሞተርና በርሜል አገጣጥሞ የሠራውን የውኃ መጎተቻ ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። «ይኼን ኮርሱ ላይ አሳያቸዋለሁ» አለኝ። «ጥሩ ነው» አልሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርሁ።

ታረቀኝ

•

አዲስ አበባ፣ መስከረም 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ታረቀኝ፣

እንኳን አደረሰህ ልልህ ነበር፤ ቃሉ ከበደኝ። የጻፍክብኝ ሁሉ ልክ ነው። ስለ ቴሌግራሙም ልክ ነህ። የመምሪያውን ቴሌግራም የሚያነብ ሰው አለ፤ ያንን ሰው ፈራሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅጽህ ተመልሷል፤ ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። አንቀጽ ዘጠኝን ጠቅሰው ነው የመለሱት፤ «መዛኙ ከፈረመ በኋላ የሰጠውን ነጥብ መለወጥ አይችልም።» ስናረቅ ይህን አንቀጽ ተቃውሜህ ነበር። አንተ፣ «በር ከተውንለት ጉቦና አማላጅ በዚያ ይገባል» አልክ። ልክ ነበርክ። በሩ ተዘግቷል፤ ጉቦውና አማላጁ ግን ከመፈረሙ በፊት ይመጣል እንጂ አልቀረም።

ሌላ መንገድ አለ ወይ ብለህ በሹፌሩ አፍ ላክህብኝ። ባልነግርህ እወድ ነበር። አንድ አለ። መዛኙ ራሱ ለመመዘን ብቁ አልነበረም ከተባለ፣ ማለትም ቂም ይዞ ወይም ታሞ ወይም ሳያውቅ እንደሞላ ከተረጋገጠ፣ የሞላቸው ቅጾች ይሰረዛሉ። ይህ እንዲሆን በራስህ ላይ መመስከር አለብህ። ማዕረግህን፣ ጡረታህን፣ ስምህን ይነካል። የሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎት ነው። እኔ አድርገው አልልህም። አታድርገውም አልልህም። እንዲህ ነኝ፤ ታውቀኛለህ።

ይርጋ

•

ቆቦ፣ መስከረም 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ይርጋ፣

ጽፌዋለሁ። ዋናውን ለኮሚቴው በደንቡ መሠረት ልኬአለሁ፤ ለአንተ የምነግርህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው።

«በዚህ ዓመት በተራዘመ ሕመምና በግል ብስጭት ምክንያት የመኮንኖቼን ሥራ ሳላይ፣ በስሜት ተነሣሥቼ ነጥብ ሰጥቻለሁ። በመቶ አለቃ ከማሉዲን ላይም ቂም ነበረኝ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በፊርማዬ ሥር ጽፌ አላውቅም። አራት ጊዜ አበላሸሁት። ውሸት እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም ለካ፤ ቀን፣ ማስረጃ፣ ምስክር ልጨምርበት ይዳዳኛል። በመጨረሻ ሻምበል ሞላን አማከርሁት። አንብቦ፣ «ሻለቃ፣ እጅግ አሳጠሩት፤ ውሸት ሲያጥር ያስታውቃል» አለና ሕመሙን እሱ ጨመረበት። ጨጓራ አደረገልኝ። «ቂም» የምትለዋን ስጽፍ እጄን ያዘኝ፤ «ይቺ ትቅር» አለ። አልቀረችም፤ ልጁን የምታስጥለው እሷ ናት።

ፈርተህ ከሆነ አትፍራ። የተሰረዘ ቅጽ ባለቤት በሌላ መዛኝ እንደገና ይመዘናል። አሥራ ሦስቱም ቢሆኑ አይጎዱም፤ አዲሱ መዛኝ ማንም ይሁን ማን እንደ ሌላው ሁሉ አምስት አምስት ነው የሚሰጣቸው፤ ይጠቀማሉ እንጂ። ልጁ የኮርሱን ነገር ጠየቀኝ፤ «ሊሆን ይችላል» አልሁት። ከሐምሌ ወዲህ ያላፈርሁበት ቃል ይህ ብቻ ነው።

እዚህ ማሽላው አሽቷል። ዘንድሮ እንደ ጉድ ነው የያዘው። ብዙነሽን ሳምልኝ።

ታረቀኝ

•

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ስለዚህ እንደ ወረደ እጽፈዋለሁ።

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ምስክርነትህን ተቀበለ። ብቁ መዛኝ አይደለህም ተባለ። አሥራ አራቱም ቅጾች ተሰረዙ።

እንደገና ይመዘኑ አልኩ። ተነሥቼ ነው የተናገርኩት፤ ይህን ብቻ እወቅልኝ። ሰብሳቢው፣ «ዝርዝሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ የሚቀጥለው ምዘና በሰኔ ነው» አለ። ከዚያ መመሪያውን አስነበበ። «በጣም ጥሩ ያላገኘ መኮንን» ነው የሚለው። «ቅጹ የተሰረዘበት ሰው በጣም ጥሩ አግኝቷል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አላገኘም ተባለ። እጅ ወጣ።

አሥራ አራቱም ይሄዳሉ። ትእዛዙ በሬዲዮ ወጥቷል፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ምናልባት ሄደው ይሆናል።

አንተ ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥህ እዚያው ትቆያለህ።

እኔም እጄን አወጣሁ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ።

ይርጋ

•

ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይርጋ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ከሄዱ ስምንት ቀን ሆኗቸው ነበር። ትእዛዙን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሰልፍ ላይ፣ አሥራ አራት ስም። ሁለተኛው ስም ላይ ስደርስ ስህተት አለበት ብዬ አቆምሁ። የሬዲዮ ሠራተኛውን አስጠርቼ እንደገና አስጠየቅሁ። ስህተት የለውም አሉኝ። ቀጠልሁ።

ከእነሱ ጋር ልሂድ ብዬ በሬዲዮ ጠየቅሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ፤ በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኖ የተመለሰልኝ ጥያቄ የለም። «በሕመምና በዕድሜ ምክንያት ለግንባር ብቁ አይደለም» ይላል። ሕመሙ ሻምበል ሞላ የፈጠረልኝ ጨጓራ ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ከማሉዲንን ቢሮዬ ጠርቼ ሁሉንም ነገርሁት። ቅጹን፣ ሠንጠረዡን፣ ሣጥኑን፣ በራሴ ላይ የጻፍሁትን። እንደ ልማዱ ቆሞ ሰማኝ። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።

«ቂም ነበረኝ ብለው ጻፉ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለው?»

«ለአንተ ብዬ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሻንጣ የሚጭኑት ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ እንዴት ባረፍሁ። «ሻለቃ፣ የእኔ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ። በቁጣ አይደለም የተናገረው። እኔ ሪፖርቱ ላይ የሳተውን ድምር እንደማርምለት፣ እንዲያ ነው ያለው። ከዚያ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወጣ።

ሁለት መኪና ነበሩ። የፖለቲካ ኃላፊያችን ሻምበል ይሁኔ ቤተሰቦቻቸውን ሰብስቦ ንግግር አደረገላቸው። ልጆቻችሁ ከመላው ክፍለ ጦር በምዘና ተለይተው የተመረጡ ናቸው አላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መኪናው አጠገብ ነበርሁ። ከማሉዲን ሰማ፤ እናቱ ራቅ ብላ ቆማ እልል ስትል አያት። ወደ እኔ አላየም።

ትናንት እቴ ራህመት ከጎብዬ መጣች። ዘበኛው አላስገባም ብሏት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ይዤያት ገባሁ። ወንበሩን ትታ መሬት ልትቀመጥ ስትል በግድ አስቀመጥኋት።

«አላስቸግርዎትም፣ ሻለቃ» አለች። «ከማሉ ደብዳቤ ልኮ እንደሆነ ብዬ ነው። እሱ ሲሄድ ምንም አልነገረኝ። ዝም ብሎ ጭንቅላቴን ስሞኝ ሄደ።»

«ገና ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አልኋት።

«ኸይር ነው። አልሐምዱሊላህ። ገበያው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ እያለኝ ነው። የአሥራ አራቱ ሰው መራጭ ሻለቃ ናቸው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን አይተው የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

ይርጋ፣ ቃል ሳይጎድል ነው የምነግርህ። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ከአንቀጽ ዘጠኝ ልጀምርላት? ከሠንጠረዡ? «እኔ ነኝ» አልሁ።

ተነሥታ ቆመች። እኔም ተነሣሁ። እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች፤ የወሎ ሰው ነኝና ሰው ዱዓ ሲያደርግልህ እጅ አጥፎ መቆም ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄን ዘረጋሁ።

«አላህ ዕድሜዎትን ያርዝመው።»

«አሚን» አልሁ።

«ብዕርዎትን ይባርከው።»

«አሚን።»

«የአብራክዎንም ክፋይ እንደ እርስዎ ያለ አለቃ ይግጠመው።»

እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ። ያልሰማሁ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«አሚን» አልሁ።

ታረቀኝ